ትርንጎን ለጉሮሮ ራጅ ይዤ ጎንደር የወረድኩበት መንገድ

ይህን የምጽፈው አንድ በደል ተጽፎ እንዲቀር ነው። የሰባት ዓመት የልጅ ልጄን ትርንጎን፣ መዋጥ ያቃታትን ልጅ፣ ምን ሊደረግላት እንደሆነ ለእሷም ለእኔም ሳይነግሩ፣ እጇን ይዘው አፍንጫዋን አፍነው መድኃኒት አጠጧት። በዚያው ቀን፣ በዚያው ክፍል ለገባ ሌላ ልጅ ግን ሁሉም ነገር አስቀድሞ ተነግሮት ነበር። የቤቱን ስም አልጽፍም። ጎንደር ውስጥ ራጅ የሚያነሳ ቤት ነው ካልኩ ይበቃል፤ ሰው የማሳሰር ሐሳብ የለኝም። የነበረኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ ለእኛ ምነው አልተነገረን? መልሱ እጄ እስኪገባ የሄድኩበትን እንደሆነው እጽፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያጠነከርኩት ዳዊት በመድገም ነው። ስለዚህ ቃል ማሳመር ከእኔ አይጠበቅ።

ከቤት እስከ አስፓልት

ነገሩ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። ትርንጎ ከአክስቷ ጋር እህል ለማስፈጨት ወፍጮ ቤት ሄደች። ወረፋው ረዘመ፣ ውሃ ጠማት። የሞተሩ ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው አሲድ በውሃ ፕላስቲክ ተደርጎ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ነበር። ውሃ መስሏት ተጎነጨች። ነፍሷ ተረፈች፤ እኛም እልል አልን። ቁስሉ ሲሽር ግን ጉሮሮዋ እየጠበበ ሄደ። በገና እንጀራ መዋጥ አቆመች። በጥምቀት ፍትፍቱም አልወርድ አላት። ሁዳዴ ሲገባ የቀረላት ቀጭን ሙቅ ብቻ ነበር፤ እሱንም በትንሽ በትንሹ፣ አንገቷን እንደ ዶሮ እያሰገገች።

ዳባት ያየን ሐኪም እንዲህ አለን፦ ጎንደር ትሂድ፣ ነጭ መድኃኒት እየጠጣች ራጅ ትነሳ። መድኃኒቱ ሲወርድ የጠበበው የት እንደሆነና ምን ያህል እንደሆነ ይታያል። ያ ካልታየ ጉሮሮዋን የሚያሰፋ ሐኪም እጁን አያስገባም፤ ካልሰፋ ደግሞ ሙቁም የማያልፍበት ቀን ይመጣል። የመጨረሻውን ነገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገረኝ። ትርንጎ ግን ሰማች።

እናቷ አራስ ናት። አባቷ ለቀን ሥራ ሳንጃ ወርዶ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል። ስለዚህ እኔ ተነሳሁ። ጎረቤታችን አያ ሞላ በቅሎውን ጭኖ ሊሸኘን ማልዶ መጣ።

«ልጅቱን ኮርቻ ላይ አድርጊያት» አለኝ። «አንቺ እንደሆን ምላስሽ ብቻውን ጎንደር ያደርስሻል።»

«አንተን ተሸክሞ ይሄዳል እንኳን እኔን» አልኩት።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ዞር ብሎ አያት። ቀሚሷ ላይ የትከሻዋ አጥንት ወጥቶ ይታያል።

«ምነው ወተት አታጠጫትም? የታመመ ይጾማል ያለው ማን ነው?»

«የነፍስ አባታችን ፈቅደውላታል። እሷ ናት እንቢ ያለች።»

«ዘንድሮ ሰባት ሞላኝ» አለች ትርንጎ ከበቅሎዋ ላይ። «ሰባት የሞላው ይጾማል። ጓደኞቼም ጀምረዋል።»

አያ ሞላ ራሱን ነቀነቀ። «ይቺ የማን ልጅ እንደሆነች መጠየቅ አያስፈልግም።»

ከዳባት እስከ ጎንደር

መንገዱ ያን ሰሞን ይከፈታል፣ ይዘጋል። ስንደርስ ተከፍቶ ነበርና ሚኒባሱን የከበበው ሰው ብዛቱ ለጉድ ነው። ረዳቱ ከታሪፉ በላይ ይጠራል፤ የሚከራከረው የለም። ትርንጎን ታቅፌ ከተቀመጥኩ በኋላ እጁን ዘረጋ።

«ማዘር፣ የልጅቷም አለ።»

«ልጅቷ ጭኔ ላይ ናት።»

«ብትሆንስ? ሰው ናት፣ ትከፍላለች።»

«ሰው ከሆነች ወንበር ስጣት።»

«ወንበር ከየት አምጥቼ?»

«እንግዲያው ሰው የምትሆነው ለመክፈል ብቻ ነው?»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። ከኋላ አንድ ሰውዬ «ተወው አንተ፣ ይችን ሴትዮ አትችላትም» አለው። ረዳቱም እየሳቀ አለፈን። ያን ቀን ሰው የሳቀበት ሰዓት ያ ብቻ ነበር።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቆምን። ነፋሱ አጥንት ይገባል፤ ገብሱ የታጨደበት መሬት እስከ ገደሉ ጫፍ ድረስ ራቁቱን ተዘርግቷል። ሴቶች ትኩስ የድንች ቅቅል በሚጥሚጣ ይዘው በመስኮት አቀረቡ፤ ሰው ሁሉ እየገዛ ይበላ ጀመር። ትርንጎን አየኋት። ፊት ለፊቷ የተቀመጠውን ሰውዬ እያየች ባዶ አፏን ታኝካለች። እሱ ሲያኝክ ታኝካለች፣ እሱ ሲውጥ ታቆማለች። ነጠላዬን ዓይኗ ላይ ጣል አድርጌ «ተኚ» አልኳት።

ኮሶዬ ሳንደርስ ኬላ ላይ አስወረዱን፣ ፈተሹን። በፀሐይ ብዙ ቆምን። ጎንደር ስንገባ ቀኑ ተጋምሶ ነበር። የእህቴ ልጅ ዘውዴ አዘዞ ነው የምትኖር፤ ባጃጅ ይዘን እሷ ዘንድ አደርን።

የመጀመሪያው ቀን

በማግስቱ ምርመራ ቤቱ ሄደን ስንመዘገብ የተነገረን ነገር ቢኖር «ለነገ ምንም ሳትቀምስ ትምጣ» የሚል ብቻ ነው። በነጋታው ሳትቀምስ አመጣኋት። ከጠዋት ጀምረን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ስሟ የተጠራው ከቀትር በኋላ ነው። ልጅቱ በረሃብ ዓይኗ ፈዟል።

ነጭ ጋዋን የለበሰ ጎረምሳ በሩን ከፈተ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ትልቅ ማሽን ቆሟል። ተከትዬ ልገባ ስል ደረቴ ላይ እጁን አደረገ።

«ማዘር፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ።»

«ብቻዋን ትፈራለች።»

«ደቂቃ አይፈጅም።»

በሩ ተዘጋ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። «ጠጪ» ይላል። ዝም። «ጠጪ እንጂ!» አሁንም ዝም። ከዚያ የሴት ድምፅ «ያዛት፣ እጇን ያዝልኝ» አለ። ከዚያ ያንን ሳል ሰማሁ። ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ሳል ነው። በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ።

ትርንጎ ማሽኑ ሥር ተንበርክካለች። ነጩ ነገር በአፍንጫዋ፣ በአገጯ፣ በቀሚሷ ላይ ፈሷል። ከንፈሯ ጠቁሯል። አቅፌ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኳት። ትንፋሽ ሲመለስላት መጀመሪያ ያለችኝ ይህን ነው፦

«እምዬ፣ አፍንጫዬን አፍነው ጾሜን አስገደፉኝ። ወተት አጠጡኝ።»

ለካ ነጩን ስታየው ወተት መስሏታል! አፏን የገጠመችው ፈርታ አልነበረም፤ ሁዳዴ ስለሆነ ነው። ሳትቀምስ ውላ፣ በረሃብ እየተንቀጠቀጠች፣ ጾሟን እየጠበቀች ነበር።

«ምነው ወተት አለመሆኑን አልነገራችኋትም?» አልኩ።

«ወተት ነው ያላት ማን ነው?» አለ ጎረምሳው። ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። «ልጅቷ አስቸገረች፣ ፎቶው ተበላሽቷል። ሌላ ቀን ያምጧት።»

ግቢው ውስጥ

ከቧንቧው ፊቷን ሳጥባት ጥላ ሥር አንዲት የከተማ ሴት ከልጇ ጋር ተቀምጣለች። ልጁ የትርንጎ እኩያ ነው፤ የላይኛው ከንፈሩ ላይ ነጩ ደርቆ እንደ ጢም ሆኗል። በእናቱ ስልክ እየተጫወተ ነው። ሴትዮዋ የትርንጎን ቀሚስ አይታ ተነሳች፣ ሶፍት ሰጠችኝ።

«ተናነቃት እንዴ? የእኔም ሳንቲም ውጦ ጉሮሮውን ካቆሰለው ወዲህ እንዲህ ነው። ዛሬ ግን ደህና አደረገ። ሳምንቱን ሙሉ ስንለማመድ ነበር።»

«ምን ተለማመዳችሁ?»

ገርሟት አየችኝ። «አልነገሯችሁም? ክፍሉ ጨለማ እንደሆነ፣ ማሽኑ እንደሚጮህ፣ ጀርባውን ለጥፎ እንደሚቆም ነግረውናል። አስገብተውም አሳዩት። መድኃኒቱ ኖራ ኖራ ይላል፣ አፉ ውስጥ ይዞ ‘ዋጥ’ ሲባል ብቻ ይውጥ አሉን። ቤት በቀዘቀዘ ሻይ አለማመድኩት። ዛሬም ያን ከጨረር የሚከላከል ከባድ ሽርጥ አልብሰውኝ አጠገቡ ቆሜ ነው የጠጣው።»

«አጠገቡ?»

«አዎ፣ እጁን ይዤ።»

ደሜ ወደ ራሴ ወጣ። ራሴን ገታሁና ጠየቅኋት። «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ እዚህ ዘመድ አለሽ? የምታውቂው ሰው አለ?»

«ማንንም አላውቅም እማማ። ስንመዘገብ ነው የነገሩን።»

እኔም የተመዘገብኩት እዚያው መስኮት ላይ ነው። ያን ቀን ከመውጣቴ በፊት አግዳሚው ላይ የነበሩትን ሁሉ ዞሬ ጠየቅኩ። ከአርማጭሆ የመጣ አባት አለ፣ ከጭልጋ ልጇን ያዘለች ሴት አለች። ለአንዳቸውም የተነገረ ነገር የለም። «ምንም ሳይቀምስ ይምጣ» ብቻ።

አዘዞ

ያን ማታ ትርንጎ ትኩሳት ያዛት። ጤና ጣቢያ ብንወስዳት መድኃኒቱ ወደ ሳንባዋ ገብቷል አሉን። መርፌ ታዘዘላት። ቀናት አለፉ፤ ስታስል ጎድኗ ይቆጠራል፣ እኔ ዳዊቴን ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ ንባቡ ግን አልያዝ ይለኛል። ዘውዴ «አክስቴ፣ ለምን ወደ አገራችሁ አትመለሱም? ሁለተኛ ያንን ቤት እንዴት ትረግጠዋለች?» ትለኛለች። ሙቁን ግን በቀን በቀን እያነሰ ስትጠጣ አየዋለሁ። ብንመለስ የሚጠብቀን ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ትኩሳቱ ሲበርድላት አልጋው ላይ አስቀምጬ የሴትዮዋን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳት። አልደበቅኩም። ጨለማ ነው አልኳት፤ ይጮሃል አልኳት፤ ጣዕሙ መጥፎ ነው አልኳት። ወተት አይደለም ስላት ግን ፊቷን አዞረች።

«እንድጠጣ ብለሽ ነው።»

«ዋሽቼሽ አውቃለሁ?»

«አታውቂም። ግን አንቺ ቄስ አይደለሽም።»

እውነቷን ነው። ቄስ አይደለሁም። በማግስቱ በዘውዴ ደብር የሚያገለግሉ አንድ አዛውንት ቄስ ይዤ መጣሁ። መጀመሪያ ወደ እኔ ዝቅ ብለው «ከምንድን ነው የሚሠራው? ሳላውቅ ቃል አልሰጥም» አሉኝ። ይህ ደስ አለኝ። የትርንጎን መርፌ የምትወጋዋን ነርስ ጠየቅን። ከመሬት የሚወጣ ድንጋይ ተፈጭቶ በውሃ የሚበጠበጥ ነው አለች።

ቄሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ትርንጎ፣ የፈሰሰብሽ የድንጋይ ዱቄት ነው። ከላም የመጣ አይደለም። ጾምሽ አልተገደፈም።»

«ድንጋይ ይጾማል አባ?»

«እኔ በዘመኔ ድንጋይ አትብሉ የሚል ሥርዓት አላየሁም» አሉ። «ድንጋይ በልቶ የጠገበ ሰውም አላየሁም።»

ትርንጎ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተቀየረ፤ ግን ሳቀች። መስቀል ተሳለመች። ከዚያ ደግሞ «ወተቱንስ አትጠጪም?» ብለው ጠየቋት። «ሲሻለኝ» አለቻቸው።

ልምምዱን ጓዳ ውስጥ ጀመርን። መስኮቱን በጋቢ ጋረድነው። በሩን ዘግተን ጀርባዋን በሩ ላይ ለጥፋ ቆመች። ዘውዴ ከውጭ የድስት ክዳን በማማሰያ ታንኳኳለች፤ ማሽኑ እሷ ናት። የገብስ ሙቅ አቀጥነን፣ አቀዝቅዘን፣ ጨው ሳናደርግበት በኩባያ እሰጣታለሁ። ትጎነጫለች፣ ይዛ ትቆያለች፣ «ዋጪ» ስላት ትውጣለች። መጀመሪያ ቀን ክዳኑ ሲንኳኳ ዘለለች። ሁለተኛው ቀን ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በኋላ እሷ ሆነች የምታዘን፦ «ቀስ በሉ፣ ገና አልያዝኩም!» ዘውዴ ከውጭ «እሺ ዶክተር» ትላለች።

ሁለተኛው ቀን

ያው ጎረምሳ በሩን ከፈተ። እኔንም እሷንም አወቀን።

«ማዘር፣ ውጭ...»

«ሽርጡን ስጠኝ» አልኩት።

«የቱን ሽርጥ?»

«ለዚያኛው ልጅ እናት ያለበስከውን። እኔ ከእሷ አላንስም።»

አየኝ። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያዳምጣል። ሄዶ አመጣው። ያ ሽርጥ እርጥብ ጆንያ የተሸከምኩ ያህል ከበደኝ፤ ግን አልተቀመጥኩም።

ትርንጎ ሳይነግሯት ሄዳ ጀርባዋን ለጠፈች። ኩባያውን ሲሰጣት አሸተተችው። «ድንጋይ ነው አይደል?» አለችው። ግራ ገባው። «ነው በላት» አልኩት። «አዎ፣ ድንጋይ ነው» አለ። ጎነጨች። ያዘች። ማሽኑ ጮኸ፤ እጄን ጨበጠች እንጂ አልተነቃነቀችም። «ዋጪ» አላት፣ ዋጠች።

ምስሉ የሚታይበት የማሽኑ መስታወት ላይ አየሁት። ነጩ በአንገቷ ወረደ፤ ደረቷ መካከል ሲደርስ ቆመ፣ ተጠራቀመ። ከዚያ እንደ ፈትል ክር ቀጥኖ፣ አንዳንዴም እየተቋረጠ ወደ ታች አለፈ። ልጄ የምትኖረው በዚያ ክር ነው። ጎረምሳውም አየው፤ ከዚያ «ጎበዝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቀረሽ» አላት። ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ።

ጉሮሮ የምታሰፋው ሐኪም ፎቶውን አይታ አስረዳችኝ። ጠባሳው ረጅም ነው። በመሣሪያ ይሰፋል፤ ደግሞ ይጠባል፣ ደግሞ ይሰፋል። ለብዙ ጊዜ ትመላለሳለች። «ይድናል?» ብዬ ጠየቅኩ። «አንዳንዱ ይጸናል፣ አንዳንዱ አይጸናም። እንዳያመልጣችሁ፣ ቀጠሮውን ብቻ ጠብቁ» አለች። የመጀመሪያውን በዚያው ሳምንት አደረገችላት።

ከዚያ በኋላ ነው የራጁን ኃላፊ በር ላይ የተቀመጥኩ። «ከስብሰባ አልወጡም» አሉኝ፤ ጠበቅኩ። «ነገ» አሉኝ፤ በነገውም መጣሁ። ሰውየው መጨረሻ ላይ ራሱ ወጥቶ አስገባኝ። ሁሉንም ነገርኩት።

«ስሙን ይንገሩኝና እቀጣዋለሁ» አለኝ።

«አንዱን ልጅ ቀጥተህ ልትሸኘኝ ነው? የእኔ ጥያቄ እሱ አይደለም። ለዚያች ሴት የተነገረው ለእኔ ምነው አልተነገረም?»

«እናቴ፣ እኛ ዘንድ ሁሉም ታካሚ እኩል ነው።»

«እኩል ከሆነ ወይ ለሁላችንም ንገሩ፣ ወይ ለማናችንም አትንገሩ።»

«ተረስቶ ይሆናላ።»

«ከአርማጭሆ የመጣውም ተረሳ፣ ከጭልጋ የመጣችውም ተረሳች፣ እኔም ተረሳሁ። መርሳት እንዲህ ሰው አይመርጥም።»

ፈገግ ብሎ ነበር፤ ተወው። ስልክ ቁጥሬን ተቀብሎ «አጣርቼ እደውልልዎታለሁ» አለኝ። ዘውዴ ስትሰማ «አክስቴ፣ ይህን አምነሽ ነው የምትሄጅ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ወደ ቤት

ስንመለስ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ድንች ገዛሁ። በጣቴ አድቅቄ በውሃ አርሼ ሰጠኋት። ዋጠች። አያ ሞላ ከአስፓልቱ ዳር በበቅሎው ሲጠብቀን «ምን ተማራችሁ ከተማ?» ብሎ ቀለደ። እንዲህ ብዬ መለስኩለት፦ ልጅ የሚያመውን ነገር ይችላል፤ የማይችለው ሳይነግሩት የሚያደርጉበትን ነው። አዋቂም እንደዚያው ነው። አሁን የታመመ ልጅ ያላቸው ሰዎች ወደ ከተማ ከመሄዳቸው በፊት እኔ ዘንድ ይመጣሉ፤ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፣ የማላውቀውን ጠይቁ እላለሁ።

ይህን ስጽፍ ትርንጎን ፍትፍት መልሶ እያነቃት ነው። ቀጠሮዋ ደርሷል፤ መንገዱ ተዘግቷል። በየጠዋቱ ከፍታው ላይ ወጥቼ መኪና እንዳለ አያለሁ። ባለፈው እዚያው ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። ኃላፊው ነው።

«የትርንጎ አያት ነዎት? ሠራተኞቹን ሁሉ ጠይቄያለሁ» አለኝ። «የተደበቀ ነገር የለም፣ ጉቦም ዘመድም የለበትም። ሰው ሲመጣ እናየዋለን። ከገጠር የመጣ ከመሰለን፣ ብንነግረው አይገባውም፣ ጊዜ ይፈጃል ብለን እናልፈዋለን። እኔም ራሴ እንደዚያ ነው ስሠራ የኖርኩት።»

ለውሸት የሚሆን ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ለዚህ ግን ጥያቄ ነበረኝ።

«ነግራችሁት ያልገባው ሰው ማን ነው? አንድ ሰው ጥራልኝ።»

ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይጮሃል። ስልኩን በነጠላዬ ከለል አደረግኩት።

«የለም እናቴ» አለኝ። «ነግረን አናውቅም።»